ቬኑስ አጋርፋ ምን ትሠራለች?

አጋርፋ፣ የስንዴ ነጋዴው የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ እጅ የሌላት ሴት ቆማለች። ደረቷ የተራቆተ ነው፤ ከወገቧ በታች ጨርቅ አገልድማለች። አክስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነጠላ ጣል ታደርግባታለች። «የግሪክ እምነ በረድ ናት» አለኝ ዘመዴ ኮራ ብሎ። በጣቴ ኳ ኳ ባደርጋት እንደ ባዶ ቅል ጮኸች፤ ጣቴም ነጭ ዱቄት ይዞ ተመለሰ። ጀሶ!

ሰው በገንዘቡ ያሻውን ይግዛ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለውንም ተረት አልጠቅስበትም፤ ይህች ወርቅም አይደለችምና። ዋናዋ ቬኑስ እ.ኤ.አ. በ1820 በሜሎስ ደሴት አንድ ገበሬ ያገኛት፣ ከሁለት ሜትር በላይ የምትረዝም፣ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የምትገኝ ድንቅ ሥራ ናት። እኔን የሚከነክነኝ የአክስቴ ልጅ ከጀሶዋ ጋር አብሮ የገዛው እምነት ነው። «ሥልጡን ሰው ቤቱን እንዲህ በነጭ ያስውባል፤ በቀለም የተዥጎረጎረ ነገር የገጠር ነው» ይላል።

ለመሆኑ ግሪኮቹ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? እምነ በረዳቸውን ቀለም ይቀቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ከንፈሩን፣ ጠጉሩን፣ የልብሱን ጥለት ሳይቀር በቀይና በሰማያዊ ያደምቁት ነበር። ቀለሙን የበላው አፈርና ዝናብ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ዊንክልማንና ተከታዮቹ ይህንኑ የዝናብ ሥራ የውበት ሕግ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም የፓርተኖን ቅርጾች «ይንጡ» ተብሎ በመዳብ መሣሪያ ተፋቁ፤ ከእድፉ ጋር የድንጋዩም ገጽ አብሮ ሄደ። ነጭነትን ማምለክ እዚህ ድረስ ያደርሳል።

አቴና ውስጥ ኬራሜይኮስ የሚባል ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ አለ። ከዚያ ከተገኙት ቅርጾች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ394 በጦርነት የሞተው የወጣቱ ፈረሰኛ የዴክሲሌዎስ መታሰቢያ ነው። ፈረሱ ሽቅብ ተነሥቷል፤ ልጁ የወደቀ ጠላቱን ሊወጋ ክንዱን ሰንዝሯል። የባሌ ሰው ይህን ቢያይ «የማን አባት መቃብር ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በአርሲና በባሌ መንገዶች ዳር የቆሙት መቃብሮች ፈረሰኛው፣ ጦሩ፣ ከብቱ ተቀርጾባቸው፣ ተቀብተው የሚታዩ አይደሉም እንዴ?

የአያታችን መቃብር ከእነዚህ አንዱ ነው። ፈረሱ ቀይ፣ ካባው ሰማያዊ። ጠራቢው የፈረሱን አንድ እግር አሳጥሮበታል፤ ልጆች ሳለን «አንካሳው» እያልን እንስቅበት ነበር። የአክስቴ ልጅ ታዲያ ይህን ድንጋይ በነጭ ሴራሚክ ሊያለብሰው ተነሥቷል። ለክብሩ ሲል!

የመቃብሩ ድንጋይ ተነቅሎ ሳሎን ይግባ ማለቴ አይደለም። የኮንሶ ጀግኖች መታሰቢያ የሆነው የእንጨት ዋካ ከመቃብር እየተሰረቀ የሰው አገር ሳሎን ማጌጫ ሆኖ የለም? እሱ ዘረፋ ነው። እኔ የምለው፣ ለጀሶዋ የወጣው ብር በሕይወት ላለ ጠራቢ ይከፈልና አንድ ፈረስ ለቤት ይሥራ ነው።

«የመቃብር ጠራቢ ቤቴ አስገብተህ ሞት ልትጠራብኝ ነው?» አለኝ ተቆጥቶ። የዴክሲሌዎስን ነገር አስረዳሁት። ጥቂት ዝም አለና «እሱስ እውነት ቀለም ነበረው?» ሲል ጠየቀኝ። ነበረው አልኩት። አክስቴ ሳቀች።

ሴራሚኩ ግን ካርቶኑ ሳይከፈት በጓዳው ተደርድሯል። ስንዴው እስኪታጨድ ድረስ ቆይ ብዬዋለሁ።