አሮጌው የጭቃ ቤት፦ ይታደስ ወይስ ይፍረስ?

ይታደስ

ጉለሌም ሆነ ቀጨኔ ያረጀ የጭቃ ቤት የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ዶዘር ነው። እኔ አናጢ ይጥራ እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይለቃል። ሙቀቱን የሚያባክነው ጣሪያው ነው፦ ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ ይግላል፣ ሲመሽ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ያለውም ብዙ ጊዜ የተቀደደ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ይዋል፤ ከላዩ ወፍራም የሙቀት መከላከያ ይነጠፍበት፤ የበርና የመስኮቱም ክፍተት ይደፈን። ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። በደንብ የቦካ ጭቃ ከነጭዱ፣ በላዩም ኖራ ይበቃዋል።

ግቢውም አይመንጠር። ወይራው፣ ግራዋውና ቀጋው አንዴ ሥር ከሰደዱ በበጋም ብዙ ውሃ አይጠይቁም፤ የክረምቱንም ዝናብ አፈሩ ይጠጣዋል። ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ይሰድደዋል።

ይፍረስ

ባልደረባዬ ስለ ጣሪያውና ስለ ልስኑ ያሉት ልክ ነው። ጥያቄዬ ምን ያህል ኃይል ይቆጥባል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በማሞቂያ የሚያሞቅ ጥቂት ሰው ነው። ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበው ምጣድና የውሃ ማሞቂያው ነው፤ ኮርኒስ ስለተቀየረ እንጀራ በትንሽ መብራት አይጋገርም። ብርዱ ይቀንሳል፣ ሂሳቡ ግን ብዙም አይነካም።

ከዚህ የሚከብደው የቦታው ነገር ነው። መሀል ከተማ አንድ ቤተሰብ ሰፊ ግቢ ይዞ ሲኖር፣ ሌላው ከከተማው ዳርቻ ነዳጅ እየተቃጠለ በየቀኑ ይመላለሳል። እዚያው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቢሠራ ስንት ቤተሰብ ሥራው አጠገብ ይኖር ነበር! ምስጥ የበላውን ቋሚ መደገፍ ለእኔ ቁጠባ አይደለም። ዛፎቹ ይቆዩ፤ ሕንፃው ይሽሻቸው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ስለ ምጣዱ እስማማለሁ። ፎቁም ግን ከሰማይ አይወርድም። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሚጋገረው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ነው፤ ብረቱም እንዲሁ ያለ ከፍተኛ እሳት አይመረትም። የቆመው ግድግዳ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ቋሚው በምስጥ ካለቀ እኔም አልከራከርም። መሠረቱ ድንጋይ፣ ቋሚው ጤነኛ የሆነ ቤት ያላችሁ ግን ከማፍረሳችሁ በፊት የጭቃ ቤት የሚያውቅ አናጢ አስገብታችሁ አስመርምሩ።