ሳይንስና ኑሯችን፦ የታና ወለል በድምፅ ሲታይ

እስቲ የጠላውን ጋን ከላይ ወደ ታች አንኳኩት። ባዶው ቦታ ይጮኻል። ጠላው ያለበት ቦታ ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠላው እስከ የት እንደ ደረሰ አወቃችሁ ማለት ነው። የሳይንስ ሰዎችም የምድርን ውስጥ የሚመረምሩት እንደዚሁ ነው።

ምድርን እስከ እምብርቷ መቆፈር አይቻልም። እስከ ዛሬ በጥልቀቱ አንደኛ የሆነው ጉድጓድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ እምብርቷ ግን 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታዲያ ውስጧ እንዴት ታወቀ? መሬት ሲንቀጠቀጥ ሞገድ ይነሣል። ሞገድ ማለት ድንጋይ ኩሬ ውስጥ ሲጣል ክብ ክብ እየሠራ እንደሚሄደው ያለ ንቅናቄ ነው። በጠንካራ አለት ውስጥ ይፈጥናል፤ በላላ አፈር ውስጥ ይዘገያል። መሣሪያዎች የሚደርስበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከተተከለ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይጠበቅም በድምፅ መመርመር ይቻላል። በታና ላይ የተደረገው ይህ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ከውሃው ላይ ሆነው ወደ ሐይቁ ወለል ድምፅ ላኩ። ድምፁ በላላው ጭቃ ውስጥ አለፈ። ጠንካራ ሽፋን ሲያገኝ ግን አስተጋብቶ ተመለሰ። ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል። ቀጥሎም 10 ሜትር ያህል ጭቃ በቱቦ አወጡ። ከሥሩ የደረቀ ጠንካራ ደለል ተገኘ። ከዚያ በላይ የረግረግ ተክል ብስባሽ ነበር።

ይህ ምን ማለት ነው? ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ታና ደርቆ ነበር ማለት ነው! በዚያ ዘመን ከታና ወደ ዐባይ የሚወርድ ውሃ አልነበረም። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ እንደገና ሞልቶ ፈሰሰ። ጥናቱ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ለሚኖር ሰው ታና ከጥንት እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። ነገር ግን ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። የጥንቱ ድርቅ በሰው እጅ አልመጣም። ዛሬ ከማሳችን ታጥቦ ወደ ታና የሚገባውን አፈር ማስቀረት ግን በእጃችን ነው። እርከን እንሥራ።

ለመወያያ፦
1. ድምፁ ጠንካራ ሽፋን ሲያገኝ ምን ሆነ?
2. ታና መድረቁ በምን ታወቀ?
3. በሰፈራችሁ አፈር የሚታጠበው ከየት ነው?