ሦስት ተማሪ፣ አንድ ኮምፒውተር
የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ዓለም አቀፉን የዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር፣ አይሲፒሲን ይመለከታል። ጅማሬው እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ ሲሆን፣ በ2024 ሉክሶርና አስታና የፍጻሜ ውድድሮቹን አስተናግደዋል። ለፍጻሜው ያለፉ ተማሪዎች ለቀናት አብረው ይሰነብታሉ።

ደንቦቹን ደጋግሜ ሳነብ ቀልቤን የሳበው አንዱ ነው፦ ቡድኑ ሦስት ተማሪ፣ ጊዜው አምስት ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ብቻ! አንዱ ኮዱን ሲጽፍ ሁለቱ በወረቀት ያሰላሉ፤ ተራው የማን እንደሆነ በየደቂቃው ይመክራሉ። በመጨረሻ ለተፈታ ጥያቄ ቀደም ሲል የተላከ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ 20 ደቂቃ ቅጣት ያስከትላል። ስለዚህ ጎበዝ ኮድ ጸሐፊ የሆኑ ሦስት ተማሪዎችን መሰብሰብ ብቻውን ቡድን አያደርግም። የጓደኛውን ሐሳብ በጥሞና የሚሰማ፣ ስህተቱ ሲነገረው የማይከፋው ተማሪ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ይህ ደንብ ከማንኛውም የቡድን ሥራ ኮርስ በላይ ያስተምራል።

የተሳትፎ ገደብም አለ፤ አንድ ተማሪ በፍጻሜው ከሁለት ጊዜ፣ በክልላዊ ማጣሪያ ከአምስት ዓመት በላይ መወዳደር አይችልም።

የሀገራችን ቡድኖች የሚያልፉት በአፍሪካና ዓረብ ሀገራት ማጣሪያ በኩል ነው። ለዚህም ሦስቱም ተማሪዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መሆን አለባቸው፤ ተቋሙን የሚወክል አሠልጣኝም ያስፈልጋቸዋል። ውድ መምህራን፣ ብዙ ተማሪዎች በራሳቸው ጥረት ሌሊቱን ሲለማመዱ ያድራሉ። አሠልጣኝ ሁኑላቸው፤ ምዝገባው ሳይዘጋም አስመዝግቧቸው።