ቤት የሚያከራይ ሰው ደረጃውንም ያከራያል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ስትቈረቈር ሰፈሮቿ በየጉብታውና በየወንዙ ዳር ስለ ተመሠረቱ፥ በብዙ ሥፍራ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባ ሰው መውጣት ወይም መውረድ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ የተሠራው ብዙው ቤት የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደረጃ በደጁ አለው። ባለቤቱ ቤቱን ሲያከራይ ክፍሉን፥ ውሃውንና መብራቱን ቈጥሮ ዋጋ ያወጣል፤ ስለ ደረጃው ግን አንድ ቃል ሳይነገር ውሉ ይፈረማል። ነገር ግን ተከራዩ ከነቤተ ሰቡ በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው በዚሁ ባልተነገረለት ደረጃ ነው።

መውደቅ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ይቈጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ግን በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ሳይታሰብ ከሚደርሱት አደጋዎችም መካከል በገዳይነቱ ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው። ከሟቾቹም ከመቶ 80 የሚበልጡት የአነስተኛና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ሰዎች ናቸው፤ ይልቁንም ሞቱ የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላይ ነው። በማለዳ ወደ ኪዳን ጸሎት የምትወርድ አሮጊት ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበር፥ በወጌሻ እጅ የሚቃና ስብራት አይደለምና፥ ከዚያ ወዲያ ከአልጋዋ ሳትነሣ ልትቀር ትችላለች።

የአደጋው ምክንያት የታወቀ ነው። የሰው እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እርከኖች ከረገጠ በኋላ የቀሩትም እንደነዚያው ናቸው ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከመካከል አንዱ እርከን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ እግር ይስታል። ባለቤቱ ብዙ ዘመን ስለ ተመላለሰበት የእርከኑን ክፋት እግሩ ለምዶታል፤ አዲስ የገባ ተከራይ ግን አያውቀውም። በዚህም ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ከጣራው የሚወርደው ውሃ በደረጃው ላይ ይፈስሳል፤ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ በድንጋዩም ላይ አረንጓዴ ሽበት ይበቅልና ያንሸራትታል።

መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ፍራንሷ ብሎንዴል የተባለው የፈረንሳይ አርክቴክት በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስተማረው፥ የአንዱ እርከን ከፍታ ሁለት ጊዜ ተቈጥሮ የመርገጫው ስፋት ሲጨመርበት ከሰው እርምጃ ልክ ጋር ሊስማማ ይገባል፤ ይኸውም በዛሬ መለኪያ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 17፥ መርገጫው 29 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 63 ይሆናልና ይመቻል። ከፍታው 25፥ መርገጫው 20 የሆነው ግን ደረጃ ከሚባል መሰላል ቢባል ይሻላል። አፍርሶ ለመሥራት አቅም የሌለው ባለቤት እንኳ፥ የተዛባውን እርከን በሲሚንቶ ቢያስተካክል፥ በአንድ ወገን ጽኑ የእጅ መደገፊያ ቢተክል፥ የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሌላ ቢመልስ፥ የእርከኑን ጠርዝ ነጭ ቀለም ቢቀባና አንድ አምፑል ቢሰቅል፥ ብዙ አደጋ ያርቃል። ጭቃውን መጥረግና ሽበቱን መፋቅ የተከራዩ ድርሻ ይሁን።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ደረጃው ሳይጠገን የሚቀረው ባለቤት እንደሌለው ነገር ስለሚቈጠር ነው። አከራዩ «የሚመላለስበት ይጠግነው» ይላል፤ ተከራዩም «በሰው ቤት ላይ ገንዘቤን ለምን ላፍስስ» ይላል፤ ደፍሮ እንዳይጠይቅም ኪራይ ይጨመርብኛል፥ ወይም ቤቱን ልቀቅ እባላለሁ ብሎ ይፈራል። ሕጉ ግን ክርክሩን ቈርጦታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጥቃቅኑ እድሳት በቀር የተከራየውን ቤት ማደስ የአከራይ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል፤ በቁጥር 2077ም የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፥ ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፥ ኃላፊ ያደርገዋል። ደረጃም የሕንፃው አካል ነው።

ለካህናትም ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዛለች፤ ያለዚያ ከዚያ በሚወድቅ ሰው ደም ቤቱ በደለኛ ይሆናል። ትእዛዙ ሰው ከወደቀ በኋላ ስለሚከፈል ካሣ ሳይሆን አስቀድሞ ስለሚሠራ መከታ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

መንግሥትም ራሱ አከራይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ንብረት ከሆኑ ወዲህ በቀበሌ ስም የሚከራዩት ቤቶች ባለቤት እርሱ ነው። ሹም የግል አከራዩን ከመውቀሱ በፊት በእጁ ያለውን ቤት ደረጃ ቢያሳድስ ቃሉ ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅም ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ ስላዘዘ፥ የደረጃው ሁኔታና የሚጠግነው ሰው በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ መዝጋቢው ቢያሳስብ፥ ደረጃው ያለ ብዙ ወጪ ባለቤት ያገኛል። ካህኑም የንስሐ ልጆቹን ሲጐበኝ የረገጠውን ደረጃ አይቶ ለባለቤቱ ቢናገር ምክሩ ከማንም ይልቅ ይሰማል።

«ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ» እንዲሉ፥ የፍርድ ቤት ካሣ የተሰበረችውን እናት ወደ ቀድሞ ጤናዋ አይመልሳትም። ስለዚህ ኪራይ የሚቀበል ሁሉ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር ደረጃውን ይመርምር፤ የጐደለውንም ይሙላ።