አሥር በመቶው የማን ነው?

ዓርብ ማታ፣ ቦሌ። መብራቱ ደብዘዝ፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ኮክቴል ቤት ውስጥ አራት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። አንደኛው የሥራ ዕድገት አግኝቶ ነው የጋበዘው። ምናሌው በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፏል። አንዱ ኮክቴል 900 ብር ይላል። ጋባዡ በልቡ አሰላ፦ ለአራት ሰው አንድ ዙር 3,600 ብር። ውድ ነው፣ ግን ይቻላል። ሒሳቡ ሲመጣ 4,554 ብር ሆኖ መጣ።

በየሳምንቱ፣ በየቤቱ የሚደጋገም ትዕይንት ነው። አጭበረበሩኝ ብሎ እንዳይጮህ ደግሞ ከምናሌው ግርጌ፣ የስልክ ባትሪ ካልበራ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል፣ ሁለት የመደመር ምልክቶች ተቀምጠዋል። የከተማው ሰው «ፕላስ ፕላስ» ይላቸዋል። አንደኛው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ሁለቱ ተደራርበው ዋጋውን በ25 ሳይሆን በ26.5 በመቶ ከፍ ያደርጉታል። 900 ብር የተባለው ኮክቴል እውነተኛ ዋጋው 1,138 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ጋባዡ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነ።

በጭማሪው የመጣው 954 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 594ቱ ታክስ ነው። ታክስ መክፈል ደስ ባይልም የት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ደረሰኙም ይናገራል። የቀረው 360 ብር ነው። «የአገልግሎት» ተብሎ የተወሰደው ይህ ገንዘብ የማን ነው?

አብዛኛው ደንበኛ መልሱን የሚያውቅ ይመስለዋል። ገንዘቡ ለአስተናጋጇና ለባርቴንደሩ የሚደርስ ይመስለዋል። ስለዚህም ጉርሻ ሳይሰጥ ይወጣል። «አገልግሎቱን ከፍያለሁኮ፣ ደረሰኙ ላይ አለ» ይላል። አልተሳሳተም፤ ስሙን አምኖ ነው። የአገልግሎት ክፍያ የተባለ ገንዘብ ላገለገለው ሰው ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

መልሱ ግን እንደ ቤቱ ይለያያል። በወሩ መጨረሻ በነጥብ አስልተው ለሠራተኛ የሚያካፍሉ አሉ፤ እነዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የሌላው ቤት ግን ለተሰበረ ብርጭቆ ማካካሻ ይዋል፣ ለኪራይ ይሂድ፣ በባለቤቱ ኪስ ይቅር፣ ከደረሰኙ ላይ ማወቅ አይቻልም። ገንዘቡ ለሠራተኛው በማይደርስበት ቤት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይከስራል። አንድ ጊዜ በስሙ የተሰበሰበውን ሳያገኝ ይቀራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ደንበኛው ከፍያለሁ ብሎ ስላመነ ጉርሻውም ይቀርበታል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ከተረጎመ በኋላ እንደ ደመወዝ የማይቆጠሩ ክፍያዎችን ይዘረዝራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን እያለ ይሄድና ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያንም እዚያው ያስቀምጠዋል። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። «ደመወዛቸውን የምከፍለው ከዚያው ከአሥር በመቶው ነው» የሚል አሠሪ ካለ፣ ሕጉ ደመወዝ አይደለም ያለውን ገንዘብ ደመወዝ እያደረገው ነው። በሌላ በኩል አንቀጹ ገንዘቡ ምን እንዳልሆነ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚከፋፈል አይዘረዝርም። ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። ለግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ለዓመታት ሳይወጣ በቆየበት አገር ይህ ክፍተት ትንሽ ቀዳዳ አይደለም፤ የአንድ ሰው የቤት ኪራይ የሚያልፍበት ነው።

ሠራተኛዋን ማሰብ ያስፈልጋል። ኮክቴል ቤት መጠጥ ብቻ አይሸጥም። ጂኑንማ ማንም ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ቤቱ ሊጠጣው ይችላል፤ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ60 ሚሊ ሊትር ቢለካ 12 ብርጭቆ ይወጣዋል። ደንበኛው ከዚያ በላይ የሚከፍለው ለሰው እጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ገብቶ ሎሚ ለጨመቀው፣ በረዶ ለሰበረው፣ ሽሮፑን ላፈላው፣ በመለኪያ ለክቶ ለቀላቀለው ይከፍላል። ባለፈው ምን እንደጠጣ አስታውሳ ለምትቀበለው አስተናጋጅ ይከፍላል። ይህች ልጅ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ጠርጋ ስትወጣ ታክሲ የለም፤ በስልክ የምትጠራው መኪና ክፍያ የዕለት ገቢዋን ይቦጭቃል። አሥር በመቶው ከእሷ ካለፈ የተሸጠው የእሷ ድካም፣ የተቀበለው ሌላ ሰው ነው።

ደንበኛውም ቢሆን የከፈለውን አያገኝም። ውኃ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ እጁን ያነሳል። በአማርኛ ያዘዘው በእንግሊዝኛ ይመለስለታል። ያዘዘው ሳይሆን ሌላ ሲመጣ «ይኼም ቆንጆ ነው» ይባላል። ከጎኑ የተቀመጠው የውጭ እንግዳ ግን ገና ሳይቀመጥ ምናሌው ይተነተንለታል። ሁለቱም በሒሳቡ ላይ የሚታሰብባቸው ያው አሥር በመቶ ነው። አገልግሎቱ በፊት እየታየ፣ ክፍያው በእኩል እየተሰበሰበ ነው።

ለዚህ ሁሉ ባለቤቶች የሚሰጡት መልስ አለ፤ ሊሰማም ይገባል። መጠጡ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ንሯል። ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ጄኔሬተር አለ። እውነት ነው። እንግዲያው ኮክቴሉን 1,200 ብር ብለው ይጻፉት። 1,500ም ይበሉት። ውድ ዕቃ በውድ ዋጋ መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ ዋጋውን አሳንሶ ጽፎ፣ ልዩነቱን በሠራተኛ ስም መሰብሰብ ነው። የምንዛሪ መወደድ አንድን መስመር «የአገልግሎት ክፍያ» ብሎ ለመዋሸት ምክንያት አይሆንም።

«ካልቻለ አይሂድ» የሚሉም አሉ። ይህ መልስ ጥያቄውን የሳተ ነው። ቅሬታው የዋጋ መወደድ አይደለም። የሚችል ሰውም ቢሆን ምን እንደከፈለ የማወቅ መብት አለው። አስተናጋጇ ደግሞ «አልሄድም» የማለት ምርጫ የላትም፤ የምትሠራው እዚያ ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። በለንደን ኮክቴል ቤቶችም የአገልግሎት ክፍያ ሒሳብ ላይ መደመር የተለመደ ነው። እዚያም ሠራተኞች ገንዘቡ ለእነሱ አይደርስም ብለው ለዓመታት ጮኸዋል። ብሪታንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አሠሪ ጉርሻንም ሆነ የአገልግሎት ክፍያን ሳይቆራርጥ ለሠራተኛ ማከፋፈል አለበት፤ የክፍፍሉንም ደንብ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ቤቶቹም ዛሬም ይሠራሉ።

የአዲስ አበባ ቤቶች መልካቸውን ከባሕር ማዶ ለመቅዳት ቸግሯቸው አያውቅም። የዘመናዊው ኮክቴል ቤት አንዱ ምንጭ ሳሻ ፔትራስኪ በ1999 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በኒው ዮርክ የከፈተው «ሚልክ ኤንድ ሃኒ» ነው። ቤቱ ምልክት ያልተሰቀለበት፣ ጠባብ፣ ጸጥ ያለ ነበር። ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን በጽሑፍ ባስቀመጠው ደንብ ነው፤ መጮህ የለም፣ ወንዱ ሳያስተዋውቁት ወደ ሴት አይሄድም እያለ ለደንበኛው ይዘረዝራል። አዲስ አበባ የደረሰው የተደበቀው በርና ደብዛዛው መብራት ነው። ደንቡም ደርሷል፤ የጫማው ዓይነት፣ የጠረጴዛው ዝቅተኛ ወጪ፣ የሰዓቱ ገደብ ሁሉ ተጽፏል። ለደንበኛው ይህን ሁሉ መጻፍ የቻለ ቤት ስለ አሥር በመቶው አንድ መስመር ለመጻፍ ቀለም አያልቅበትም።

ከዚያ ይልቅ ከሰፈር ጠጅ ቤት መማር ይቻላል። ጠጅ ቤት ውስጥ የብርሌው ዋጋ ከመቅዳቱ በፊት ይታወቃል። ጎደሎ ከተቀዳ ጠጪው «ሙላው እንጂ!» ይላል፤ አሳላፊው ይሞላል። ጉርሻውም ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ በመካከል የሚቆም ሰው የለም። ደብዛዛ መብራትና ቆዳ ወንበር የለውም። ሒሳቡ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ምናሌው ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከኪስ የሚወጣው ዋጋ ይሁን፤ አንድ ቁጥር፣ ያለ ፕላስ። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስብ ቤት ምን ያህሉ ለሠራተኛ እንደሚደርስ በምናሌው ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ለሠራተኛ የማይሰጥ ከሆነ ስሙን ይቀይርና ዋጋው ውስጥ ያስገባው። ሦስተኛ፣ የንግድና የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አንቀጽ 53 የተወውን ክፍተት በመመሪያ ይድፈኑት።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። ሒሳቡ ሲመጣ «ይኼ አሥር በመቶ ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አስተናጋጇን ግን አይጠይቃት፤ አለቃዋ እያየ እውነቱን መናገር እንጀራዋን ሊያሳጣት ይችላል። ሥራ አስኪያጁን ይጥራ። በአንድ ምሽት ሦስት ጠረጴዛ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ በሳምንቱ ምናሌው ላይ አንድ መስመር ይጨመራል።

ሥራ አስኪያጁ መልስ ካለው በኩራት ይናገረዋል። መልስ ከሌለው ግን 360 ብሩ የማን እንደሆነ ታውቋል ማለት ነው።