ካክተሱን የገደለው ቸርነታችን ነው

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ተራ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛና በየተማሪው መስኮት ላይ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ስለሚቆመው እሾኻም ተክል፣ ስለ ካክተስ ነው። ዋጋው ከባድ አይደለም፤ ጠባዩም ታጋሽ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ባየነው መጠን፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ሥሩ በስብሶ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄደው ከሚተርፈው ይበልጣል። ታጋሽ የተባለ ፍጡር በእጃችን ይኽን ያኽል ቶሎ የሚሞት ከሆነ፣ ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የአያያዛችን መሆኑን ማመን ይገባናል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ተክሉ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአበባ ሻጮች ዘንድ ከሚገኙት ባለ ዓምድ ካክተሶች የታወቀው ሴሬየስ የሚባለው ወገን ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። መልኩ ሰማያዊ ያጠላበት አረንጓዴ ነው፤ ጐኑም ከላይ እስከ ታች በሸንተረር የተከፋፈለ ነው። ሸንተረሩ ለጌጥ የተሰጠው አይደለም። ውሃ ሲያገኝ ይነፋል፤ ድርቅ ሲመጣም እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይጨማደዳል፤ ቆዳውም ሳይቀደድ ይኖራል። ቅጠል ስለሌለው የቅጠልን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው ግንድ ነው።

መልኩን ያየ ሰው ሁሉ «ይኽማ የእኛው ቁልቋል ነው» ማለቱ አይቀርም። እኛም ብለን ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በየዳገቱና በየአጥሩ የምናውቀው ባለ ወተቱ ቁልቋል ከሌላ ቤተ ዘመድ የተወለደ አፍሪካዊ ነው፤ ካክተስ ደግሞ፣ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያድግ ከአንድ ዝርያ በቀር፣ የአሜሪካ ምድር ልጅ ነው። ሁለቱ ሳይዛመዱ የተመሳሰሉት ከድርቅ ጋር ሲታገሉ አንድ ዓይነት መልክ ስለ ያዙ ነው። በአንጻሩ ብዙ ሰው የአገር ተወላጅ አድርጎ የሚቈጥረው የትግራይ በለስ ከውጭ የገባ እውነተኛ ካክተስ ነው። መለያው ቀላል ነው። የካክተስ እሾኽ ከትንሽ ጸጕራም ትራስ ላይ በክምችት ይበቅላል፤ የቁልቋል እሾኽ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠርዙ ይወጣል፤ ግንዱ ሲቈረጥም ነጭ ወተት ያፈሳል። ይኽ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜው እስከ ማሳወር ይደርሳል። በካክተስ ስም ለሳሎን ከሚሸጡት መካከል የቁልቋል ዘመዶች ስላሉ፣ ሕፃናት ያሉበት ቤት ሳይለይ ባይገዛ ይሻላል። ወተቱ የነካው ሰው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንግባ። ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቻችን ካክተስን ከኮምፒዩተር አጠገብ ለምን እንደሚያስቀምጡ ስንጠይቅ «ጨረር ይመጥጣል» ይሉናል። አንዳንዶቹም «የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ አረጋግጦታል» ብለው ይጨምሩበታል። ናሳ በ1989 ባወጣው ጥናት የመረመረው፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የገቡ ተክሎች ፎርማልዴሃይድን የመሳሰለ ጐጂ ትነት ከአየር ላይ መቀነስ መቻላቸውን ነው። ስለ ኮምፒዩተር ጨረር የተናገረው ነገር የለም። ስለ አየር ማጥራቱም ቢሆን፣ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት በተራ ክፍል ውስጥ የተፈጥሮ የአየር ልውውጥን ያኽል ሥራ ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ይኽን ያኽል ተክል ከገባ ጸሐፊው የት ሊቀመጥ ነው? ጨረርም እንደ ብርሃን ከምንጩ በየአቅጣጫው ይሄዳል እንጂ ተክል ጠርቶ የሚስበው ነገር አይደለም። ከስክሪኑ ጐን የቆመ ካክተስ ቢጋርድ የሚጋርደው ከኋላው ያለውን ግድግዳ ብቻ ነው።

ይኽ ወሬ ጕዳት የሌለው ቀልድ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነውም። ነገር ግን በወሬው ምክንያት ተክሉ ከመስኮት ተነሥቶ ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ይወሰዳል። ካክተስ ብርሃን ሲያጣ ማደጉን አያቆምም፤ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ገርጥቶ ይመዘዛል። በኋላ ወደ ፀሐይ ቢመለስ አዲሱ ዕድገት ይወፍራል እንጂ የቀጠነው ወገብ ተመልሶ አይሞላም። ስለዚህ ቁመቱን የተመለከተ ሰው ባለቤቱ የዘነጋበትን ጊዜ ከወገቡ ላይ ሊያነብ ይችላል። እንደ ሠራተኛ የግል ማኅደር ማለት ነው፤ ከዚህኛው ማኅደር ግን ወረቀት መዝዞ ማውጣት አይቻልም።

ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንን መሸሸግ አይገባም። ከዓመታት በፊት እኛም በምንሠራበት ክፍል ክንድ የሚያኽል ሴሬየስ ነበረን። በክፍሉ አራት ሰዎች ስንሆን፣ አራታችንም «ሌላው ረስቶት ይሆናል» እያልን ውሃ እናጠጣው ነበር፤ አንዱማ ከሻይ ብርጭቆው የተረፈውንም ይጨምርለት ነበር። ሸክላው ከታች ቀዳዳ አልነበረውም። በነሐሴ ወር አንድ ሰኞ ጧት ስንገባ ዓምዱ ተዘንብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘነው። ሥሩ እንደ በሰለ ድንች ለስልሶ ይሸት ነበር። የግቢውን አትክልተኛ ጠራናቸው። «አባባ፣ ውሃ አንሶት ይሆን?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ጣታቸውን ወደ ጭቃው አግብተው አወጡና፣ «ልጆቼ፣ ይኽስ ሰጠመ እንጂ አልተጠማም» አሉን።

ቢላዋቸውን በእሳት አጽድተው ከበሰበሰው በላይ ቈረጡት። በተቈረጠው ገጽ ላይ ቡናማ ቀለበት ስላዩ ከፍ አድርገው ደገሙት፤ ሥጋው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ሦስት ጊዜ ቈረጡ። የተረፈው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ወዲያው እንትከለው ስንል ከለከሉን። ቅንጣቢው በጥላ ቦታ ሦስት ሳምንት ቈይቶ ቁስሉ እንደ ቆዳ ከደረቀ በኋላ ነው በደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ የቆመው፤ ሥር እስኪያወጣም ውሃ የሚባል ነገር አልቀመሰም። እኛም በየጧቱ ጠርሙስ ይዘን እየቀረብን፣ አትክልተኛው ያዩን እንደ ሆነ ብለን እንመለስ ነበር።

ውሃ የሕይወት ምንጭ ሆኖ ሳለ ይኽን ተክል ለምን ይገድለዋል? መልሱ በአኗኗሩ ነው። አብዛኛው ተክል የቆዳውን ቀዳዳ በቀን ሲከፍት፣ ካክተስ የቀኑን ሙቀት ሸሽቶ በሌሊት ይከፍታል፤ በሌሊት ያስገባውን የካርቦን አየር በአሲድ መልክ አስቀምጦ በማግስቱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ጠባይ የእንዳሁላ ዘመድ በሆነ ተክል ላይ በ1815 ታትሞ ይገኛል፤ ቤንጃሚን ሃይን የተባለው ሊቅ ሕንድ አገር ሆኖ ቅጠሉን ሲቀምስ ጧት ጐምዛዛ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም የለሽ ሆኖ አገኘው። በዚህ ዓይነት ቁጠባ የሚኖር ፍጡር ሥሩ ዘወትር እርጥብ ከሆነ አየር ያጣል፤ ሻጋታም ይገባበታል።

ከሁሉ አብልጠን የምናሳስበው ስለ ወቅት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተጻፉት መመሪያዎች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ውሃ እንዲሰጠው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት እንዲያርፍ ያዝዛሉ። ለእነሱ ትክክል ነው፤ ሰኔ ፀሐያቸው የሚጸናበት ወር ነውና። መመሪያውን እንዳለ ተቀብሎ በአዲስ አበባ የሚሠራበት ሰው ግን፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበትና አየሩ በቀዘቀዘበት በክረምቱ እምብርት ተክሉን ያሰጥመዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ያስጠማዋል። የእኛውም የወደቀው በነሐሴ መሆኑን አንባቢው ያስታውስ። በደጋው አገር የካክተስ ዕረፍት ክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በቤት ውስጥ ላለው ተክል በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፤ ጨርሶ ባያገኝም አይሞትም። እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ተማሪ ካክተሱን ለጎረቤት አደራ መስጠት አያስፈልገውም። እንዲያውም አይስጥ፤ አደራ የተቀበለ ሰው በየቀኑ ያጠጣልና።

ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይ ሲጸና፣ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ፣ በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጥቶ እንደ ገና እስኪደርቅ መተው ነው። ይኽም በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ያኽል ይሆናል። ቀጭን ደረቅ እንጨት ወደ አፈሩ ጠለቅ አድርጎ ሰክቶ ማውጣት ቀን ከመቍጠር ይሻላል፤ እርጥብ አፈር ተጣብቆበት ከወጣ ጊዜው አልደረሰም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ በበረንዳ ላይ ላለው የሚያሠጋ ቢሆንም፣ ሥሩ ደረቅ የሆነ ሴሬየስ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያኽል ቅዝቃዜ ይችላል፤ እርጥብ የሆነው ግን ይጐዳል። በቆላ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይኽን ሁሉ እንደ አየራቸው ያስተካክሉት።

ስለ አፈሩ ብዙ መናገር አያሻም። እኩሌታውን ተራ አፈር፣ እኩሌታውን ሻካራ አሸዋ ወይም ለመንገድ ከሚነጠፈው ቀይ አሽ ደቃቁን ቀላቅሎ፣ ቀዳዳ ባለው ሰፊና ከባድ ሸክላ መትከል ነው፤ ተክሉ ሲረዝም ራሱ ይከብደዋልና። ከጥላ ወደ ግልጽ ፀሐይ የሚወጣውም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው፤ አለዚያ ቆዳው ተቃጥሎ ጠባሳው አይለቅም። በሸንተረሩ መካከል እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ከታየ ተባይ ሊሆን ስለሚችል፣ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ይገባል። የተቈረጠውን ቅንጣቢ ወደ ሜዳ መጣል ግን ነውር ነው እንላለን፤ ከብራዚል የመጣ አንድ የሴሬየስ ዝርያ በደቡብ አፍሪካ ከሰው ግቢ አምልጦ በሕግ የሚወገድ አረም ሆኗል። ሌላው አስተያየታችን፣ በየቢሮው ለካክተሱ አንድ ኃላፊ ብቻ ይሰየም የሚል ነው፤ እንደ ቀልድ አይቈጠርብን። የእኛን የገደለው የአራት ሰዎች ደግነት እንጂ የአንድ ሰው ክፋት አልነበረም።

ያ ስንዝር የሚያኽለው ቅሬታ ወደ በረንዳው ወጥቶ ዛሬ ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። አትክልተኛው ጡረታ ወጥተዋል። የሴሬየስ አበባ በሌሊት ተከፍቶ ጧት የሚጠወልግ ሲሆን፣ በትውልድ አገሩ የሚጐበኙት የሌሊት ወፍና የእሳት እራት ናቸው፤ እኛ የቢሮ ሰዎች ደግሞ የምንገባው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጧት ከግንዱ ጐን አንድ የጠወለገ ነገር እንደ እርጥብ መሐረብ ተንጠልጥሎ አየንና ዘበኛውን ጠየቅናቸው። «ጋሼ፣ ይኽ ምንድን ነው?»

«ሌሊት ሰሐን የሚያኽል ነጭ አበባ አውጥቶ ነበር» አሉን። «ሽታውም እስከ በሩ ይደርስ ነበር። ልደውልላችሁ አስቤ፣ በዚህ ሰዓት ለአበባ ማን ይነሣል ብዬ ተውኩት።»