ሌንሱ አይወቀስ

የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ በሚመለከት በየውይይቱ የሚደመጥ አንድ ማመካኛ አለ። «ዙም ሌንሱ ዘገየ፤ ኦቶ ፎከሱ አልያዘልኝም» ይባላል። ከዚያም «ውድ መሣሪያ ካልተገዛ ሥራ የለም» ወደሚል ድምዳሜ ይደረሳል። ይህ አመለካከት ሙያውን የሚያደኸይ በመሆኑ ሊነቀፍ ይገባዋል።

ነገሩን በጓሳ እንመርምረው። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ በተዘረጋው በዚህ የመንዝ ደጋ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመንጋው መካከል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ ይሳካለታል። እንግዲህ ታላቁ ምስል ያለው ከመንጋው ውስጥ ነው። ለኦቶ ፎከስ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ስፍራ የለም። መሣሪያው የብርሃንና የጥላን ልዩነት እንጂ ቀበሮን አይፈልግም፤ ስለዚህ ከፊት የሚወዛወዘውን ሣር ወይም የጭላዳውን ጎፈር ይይዛል። ባለ400 ሚሊሜትር ሌንስ ቀዳዳው በ5.6 ተከፍቶ፣ በ20 ሜትር ርቀት አጥርቶ የሚያሳየው ጥልቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀበሮው በአንድ ዝላይ ያልፈዋል።

«አዲሶቹ ካሜራዎች የእንስሳን ዓይን ለይተው ይከተላሉ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ትልቅ እርምጃም ነው። ነገር ግን መቶ ዓይን በሚያይበት መንጋ ውስጥ የትኛው ዓይን እንደሚመረጥ የሚወስነው ማን ነው? ከያኒው አይደለምን?

ጉድጓድ አፍ ላይ ያደፈጠ ቀበሮ ወዴት እንደሚዘል ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይገምታል። ይህ ሰው ፎከሱን በአንድ ነጥብ ይወስናል፤ ሣር ሲጋርደው በእጁ ያስተካክላል፤ ይጠብቃል። የማያውቀው ግን ያሳድዳል። በመላ አገሪቱ የአዋቂዎቹ ቁጥር ከ500 በታች የሆነን አውሬ ለአንድ ምስል ማስበርገግ ጥበብ ሳይሆን ጥፋት ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጓሳን ጭላዳዎች ለዓለም ሲያሳይ፣ ከፎቶ አንሺዎቹ አንዱ ጄፍ ከርቢ በዚያው ስፍራ ምርምር ያካሄደ የሥነ ምህዳር ባለሙያ ነበር። ሌንስማ ለማንም ይሸጣል፤ እውቀቱ ግን በቆይታ የተገኘ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜውን ጠብቆ እያጨደ ጓሳን አቆይቷል። ታዲያ ይህን ምድርና አራዊቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ የመሐል ሜዳ ወጣት ካሜራ ሳይጨብጥ ለምን ይቀራል? የፎቶግራፍ ሥልጠናችን ከሸቀጥ ካታሎግ ሳይሆን ከሣሩ መካከል ይጀመር!